እትዬ አመለወርቅ ፊልም ሲተረጉሙ

እትዬ አመለወርቅ ማረፋቸውን የነገረችኝ ሂሩት ናት። ዳውንታውን የምሠራበት ፓርኪንግ ድረስ መጥታ መኪናዋን መግቢያው ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። እኔ ደግሞ ሰው ሲመጣ ሳልቀልድ አላሳልፍም፤ ደንበኞቼ ግማሾቹ ለመኪናቸው ሳይሆን ለኔ ብለው ነው የሚመጡት። «እመቤቴ፣ ሙሽራውን የት ጣልሽው?» አልኳት። አልሳቀችም። መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ፍሬው፣ እትዬ አረፉ» አለችኝ።

«የትኛዋ እትዬ?» አልኩ። እኛ ዘንድ እትዬ ሲባል አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት። ሌላ እትዬ ብትሆን ብዬ ነው መሰለኝ።

ከኋላዋ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። «ውረጂ፣ እኔ ፓርክ ላድርገው» ብያት ገባሁ። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም፤ አትላንታ ውስጥ እንደኔ መኪና ፓርክ የሚያደርግ ሰው የለም። በአንድ እጄ ሳንድዊች ይዤ፣ ግራና ቀኝ አንድ ጣት ቀርቶኝ አስገባለሁ። የዛን ቀን ሪቨርስ ሳደርግ ምሰሶ ገጨሁ። ወርጄ የኋላ መብራቱን ስብርባሪ መሬት ላይ ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሂሩትም መብራቱን አየችው።

እትዬን ያወቅኳቸው አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ ምድር ቤት ያለ ላውንድሪ ነው። እኔ ከሱዳን ከመጣሁ ገና ወር አልሞላኝም፤ የቆሸሸ አንሶላ የተሞላ ጋሪ ነበር የምገፋው። ሌላው ሰው አንድ ሲገፋ እኔ ሁለት እገፋለሁ፣ ጉልበቴ ያኔ ሌላ ነበር። ጠረጴዛው ጋ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ያስያዙ ሴትዮ አንሶላ ያጥፋሉ። አስተጣጠፋቸው አንሶላ ሳይሆን ባንዲራ የሚያጥፉ ነው የሚመስለው። አበሻ መሆናቸውን ሳይ ደስ አለኝና፣ «አንቺ እናት፣ እስቲ ያቺን ጋሪ ወዲህ በያት» አልኳቸው።

እጃቸውን ሁለቴ አጨበጨቡ። ጧ፣ ጧ። ማሽኖቹ ሁሉ የቆሙ መሰለኝ።

«ስምህ ማነው?»

«ፍሬው።»

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

ልብ በሉ፣ እኔ ጢም አውጥቻለሁ፣ በረሃ አቋርጬ መጥቻለሁ፣ ገዳሪፍ ላይ ሚስት ሊድሩልኝ የለመኑኝ ሰዎች አሉ። እሳቸው ስንተኛ ክፍል ነህ ይሉኛል። የሚገርመው ደግሞ መለስኩላቸው። «ከአራተኛ ወጥቻለሁ።»

«ወጥተህ ወዴት ሄድክ?»

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ያልኩበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም።

«ጥፍርህን አሳየኝ።»

እጄን ዘረጋሁ። አገላብጠው አዩት። «ነገ ቆርጠህ ትመጣለህ። ጋሪው እግር አለው፣ አንተም እግር አለህ። ሄዳችሁ ተገናኙ» ብለው ወደ አንሶላቸው ዞሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬና እርስዎ ብቻ ነው። ኋላ እንደሰማሁት አዲስ አበባ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ዲሬክትሪስ ነበሩ። ቤታቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ባል አላገቡም፣ ልጅ አልወለዱም። እንግሊዝኛቸውን ያስተማሯቸው እንግሊዞች ስለነበሩ ሆቴሉ ውስጥ ሲናገሩ ፈረንጆቹ ራሳቸው ልብሳቸውን ያስተካክላሉ። ላውንድሪው ውስጥ የጥፍር ፍተሻ አመጡ። ሰኞ ጠዋት ተሰልፈን እጃችንን እንዘረጋለን፤ አበሻው፣ ቬትናሙ፣ ሁሉም። ሱፐርቫይዘራችን ሚስ ሎሬን እንኳን፣ ትልቅ ድምፅ ያላት ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ እየሳቀች ትሰለፋለች። የሷ ጥፍር ቀይ ቀለም የተቀባና ማንኪያ የሚያህል ነበር። እትዬ አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሚስ ሎሬን ደግሞ «ቀጣይ ሰኞ፣ ማም» ትላለች። ቀጣዩ ሰኞ መጥቶ አያውቅም።

ሁለት ነገር ግን አይገባኝም ነበር። አንደኛው፣ ዲሬክትሪስ የነበረ ሰው ጸጥታ ይወዳል ብዬ ነበር የማስበው። እሳቸው ጸጥታ አይችሉም። ብሬክ ላይ ሁላችን ደክሞን ዝም ብለን ሳንድዊች ስንበላ ያቁነጠንጣቸዋል። «ምን ሆናችኋል? አንድ ነገር ተናገሩ እንጂ። ፍሬው፣ ቅጥፈትህን አምጣ» ይላሉ። እኔም አላሳፍራቸውም። የበረሃውን መንገድ ስተርክ አንድ ቀን ጅብ እገድላለሁ፣ በሌላው ቀን ሁለት። «ባለፈው ሳምንት አንድ ነበር» ይሉኛል። «ያኔ ሌላኛው ገና አልመጣም ነበር» እላለሁ። ከንፈራቸውን ጠበቅ አድርገው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ሲስቁ እንዲታዩ አይፈልጉም።

ሁለተኛው መስኮት ነው። ቤታቸው ክረምት ከበጋ መስኮት አይዘጋም። ጃንዋሪ ውስጥ ዕቃ ላደርስላቸው ሄጄ ሳሎናቸው ውስጥ ኮቴን ሳላወልቅ ነው የተቀመጥኩት። «እትዬ፣ ሂቲንጉን ለመንገደኛው ነው እንዴ የሚለቁት?» አልኳቸው። «መስኮት የሚከፈት ነገር ነው» አሉኝ፤ በቃ። ሆቴሉ ውስጥ ደግሞ መስኮቶቹ ሲሠሩም የማይከፈቱ ናቸው። ፎቅ ላይ ፎጣ ሊያደርሱ ሲወጡ እጀታ እንዳለው ሁሉ ጠርዙን በጣታቸው ሲዳስሱ አይቻቸዋለሁ። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን ወደ ሂሩት ልምጣ። ሂሩት የጋሽ ታደሰ ልጅ ናት። ጋሽ ታደሰ ታክሲ ነጂ ነው፣ አትላንታ አጠገብ፣ ስማይርና ውስጥ ባለንበት አፓርትመንት ከኔ በላይ ነው የሚኖረው። እናቷ ካርቱም ላይ አረፈች፤ አባትና ልጅ ሁለታቸው ብቻ መጡ። ልጅቱ ያኔ አስራ ስድስት ደፍናለች፣ ረብሻዋ ለሁለት አፓርትመንት ይበቃል። አንድ ሐሙስ ቀን ምን አደረገች መሰላችሁ? ሃይስኩል ውስጥ ባዮሎጂ የሚማሩበት ክፍል ገብታ፣ በባልዲ ተቀምጠው የነበሩ እንቁራሪቶችን ምሳ ሰዓት ካፌቴሪያው ውስጥ ለቀቀቻቸው። ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ወጡ፣ አንዲት አስተማሪ በጩኸት ድምፅዋ ጠፋ፣ አንዱ እንቁራሪት ሾርባ ውስጥ ተገኘ ይባላል። ሾርባውን እኔ ነኝ የጨመርኩት ብላ ሂሩት ትከሰኛለች፤ ግን ታሪኩ ያለ ሾርባው አያምርም።

ጋሽ ታደሰን ጠሩት። ኤርፖርት ታክሲ ተራ ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ ወረፋው ሊደርሰው ሲል ነው ጥሎ የሄደው። ሱስፔንድ አድርገዋታል፣ ለጊዜው ከትምህርት ታግዳለች። ማታ ቤቴ መጥቶ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠ፤ ቆቡን በጉልበቱ ላይ ያዞራል።

«ለምን እንዳደረገችው ጠይቀሃታል፣ ጋሼ?»

«ነገ ሊቀዷቸው ነበር ትለኛለች። እንቁራሪቱን ነው። እኔን በነጮቹ ፊት ለእንቁራሪት ብላ አዋረደችኝ።» ቆቡን አደረገ። «ስማ ፍሬው። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አባት ከፈረመ ትምህርት ቤቱ ይለቃታል ብለውኛል። ሰኞ ጠዋት ሄጄ እፈርማለሁ። አንተ ለዚያች ሱፐርቫይዘራችሁ ንገርልኝ፣ አንሶላ ትጠፍ። እጇ ሥራ ሲይዝ ጭንቅላቷ ይሰክናል።»

«አንድ ቃል ይበቃል ጋሼ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ሚስ ሎሬን እኔ ያልኩትን እምቢ አትልም ነበር። ደግሞም በልቤ ትምህርት ለሁሉም ሰው አይደለም እል ነበር። ሂሩት በሩ ጋ ቆማ ሰማችው። ስትጮኽ ነው የማውቃት፤ ያን ማታ ድምፅ አልነበራትም። ወደ ላይ ስትወጣ ደረጃው እንኳን አልተሰማም።

ማግስቱን ብሬክ ላይ ለእትዬ ነገርኳቸው። እየሳቅኩ ነው የነገርኳቸው፣ ሾርባውንም ጨምሬ። እሳቸው ግን የያዙትን አንሶላ አላጠፉትም፤ ደረታቸው ላይ እንደያዙት ቀሩ።

«ለሚስ ሎሬን ነግረሃታል?»

«ዛሬ እነግራታለሁ። እትዬ፣ ትምህርት እኮ ለሁሉም አይሆንም። እኔን እዩኝ።»

«አየንህ» አሉ። «እስከ ሰኞ እንዳትናገር። አንተ ያ ዴክ የምትለው ነገር አሁንም ይሠራል?»

የኔ ቪዲዮ ዴክ ያኔ በአፓርትመንቱ ብቸኛው ነበር፤ ሰው ለሠርግ ቪዲዮ ከኮንየርስ ድረስ እየመጣ ይለምነኝ ነበር። ቴሌቪዥኑን አልጨምርም፣ ቴሌቪዥን ጋሽ ታደሰም አለው። «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አቶ ታደሰ ቤት ይዘኸው ና። ፊልም አለኝ» አሉ። ፊልሙን ፈረንጆች አሮጌ ዕቃ ደጃቸው አውጥተው የሚሸጡበት ያርድ ሴል ላይ ሽፋኑን አይተው ነው የገዙት። እንግሊዞች የሠሩት ጥቁርና ነጭ የቆየ ፊልም ነው፤ ስለ ሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት። ሽፋኑ ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች፣ ቆባቸው የተጣመመ፣ ካልሲያቸው የወረደ፣ እንደ ገና ዱላ ያለ ቆልማማ እንጨት ይዘው ይስቃሉ።

ያኔ እኛ ፊልም ስናይ ልማድ ነበረን። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ሰው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና ይተረጉማል። የፈረንጅ ስም ስለሚያምታታን ተርጓሚው ስም ያወጣላቸዋል፤ ካውቦዩ አበበ ይሆናል፣ ሽፍታው ከበደ። ስለዚህ እሁድ ዕለት እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እኔ ከመኪናዬ ነቅዬ የሰጠኋቸውን የተሰበረ አንቴና እንደ አስተማሪ ዱላ ይዘው ሲቆሙ ማንም አልገረመውም። ጋሽ ታደሰ ለሳቸው ክብር ሲል እንጂ ፊልም የማየት አንጀት አልነበረውም። ክራቫቱን አልፈታም። ሂሩት ጥግ ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች።

«እትዬ፣ በሽምግልና ከሆነ የመጡት፣ ልቤ ቁርጥ ነው» አላቸው። «ነገ ጠዋት እፈርማለሁ።»

«ፊልም ነው፣ አቶ ታደሰ። ፍሬው፣ ክፈተው።»

ከፈትኩ። ወዲያው ጩኸት። ልጆች በደረጃ ይንሸራተታሉ፣ ከአንድ ክፍል ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ አስተማሪዎች ጠረጴዛ ሥር ተደብቀዋል። እትዬ አንቴናውን ዘረጉ። «ይቺ ረጅሟ ሶስና ትባላለች። ሶስና የምትሮጠው ሊደርስባት የሚችል ስለሌለ ነው። ጭሱን ያስነሳችው መነጽር ያደረገችው ዘውዲቱ ናት። ኬሚስትሪ ትወዳለች፤ ኬሚስትሪ ግን አይወዳትም። ይቺ ትንሿ፣ ይቺ፣ እዩአት፣ ወይንሸት ናት። በር የሚባል ነገር አታውቅም። የምትወጣው በመስኮት ነው።»

እውነትም ትንሿ ልጅ በመስኮት ተንጠላጥላ ወጣች። ጋሽ ታደሰ ያሳለ መሰለኝ፤ ሳቅ ነበር።

ከዚያ ዲሬክትሪሷ መጣች። ግዙፍ፣ ቀሚስ የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ዶቃ። ጠጋ ብዬ አየኋት። «እትዬ፣ ይቺ ሴትዮ ወንድ ናት» አልኩ።

«ዲሬክትሪስ ናት። ሥራው እንደዚያ ያደርጋል።»

ጋሽ ታደሰ አሁን በግልጽ ሳቀ። ሂሩት ራሷን ከጉልበቷ ላይ ቀና አደረገች። ከመንግሥት የተላከ ተቆጣጣሪ መጣ፤ ልጆቹ የከሰል ቤት ውስጥ ቆለፉበት፤ ሲወጣ ከጥርሱ በስተቀር ነጭ የለውም። ጋሽ ታደሰ ክራቫቱን ፈታ። ለካ እኛ የዚያን ሰው ሳቅ ከካርቱም ወዲህ አልሰማነውም ነበር።

በከሰል የጠቆረው ተቆጣጣሪ ዲሬክትሪሷ ፊት ቆሞ ጣቱን እየቀሰረ ጮኸ። «ትምህርት ቤቱን ዘግቼ ልጆቹን እወስዳለሁ ይላል» አሉ እትዬ። ዲሬክትሪሷ አየችው፣ አፏን ከፈተች፣ ጥቂት ቃል ተናግራ ዘጋችው። እትዬ ግን መናገር ጀመሩ፤ አንቴናው ወደ ታች ወርዷል።

«ጌታዬ፣ እነዚህ ልጆች ያስቸግሩኛል። ጠዋት ያስቸግሩኛል፣ ማታ ያስቸግሩኛል። ስለሚያስቸግሩኝ ነው የኔ የሆኑት። ማንንም ከዚህ ግቢ ይዘህ አትወጣም። በሩ ላይ እኔ አለሁ። በኔ ላይ ሳታልፍ አንዲቷንም አትነካም።»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሌላ ክፍል ገብተው ሌላ ነገር ማውራት ከጀመሩ ቆይተዋል። ጋሽ ታደሰ ሳቁ ቆመ። የታክሲ እንግሊዝኛ አለው፤ የእንግሊዞቹ አነጋገር ቢያመልጠውም ርዝመት ያውቃል።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ አለች? አፏን እኮ አንዴ ነው የከፈተችው።»

«አለች።»

«እኔን ለመምከር የተዘጋጀ ነገር ከሆነ…» ወደ ልጁ ዞረ። «ሂሩት። አንቺ ትሰሚያለሽ። እውነት እንደዚህ ነው ያለችው? ከዋሸሽኝ አሁኑኑ ነው የምፈርመው።»

ሂሩት እትዬን አየቻቸው። እትዬ አላዩዋትም፣ ዓይናቸው የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ነው። እኔ ልጅቱ እንደምትቀልድ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ለቀልድ አፍ ጠፍቶባት አያውቅም።

«አዎ አባባ» አለች። «እንደዛ ነው ያለችው። እንዲያውም እትዬ አሳጠሩት።»

ጋሽ ታደሰ ተመልሶ ተደገፈ። ፊልሙ ቀጠለ። ወደ መጨረሻው ላይ ልጆቹ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ ትንሿ ወይንሸት በመስኮት ወጥታ ለሌሎቹ በሩን ከውጭ ትከፍታለች። መስኮቱን ስትዘል እትዬ መተርጎም አቆሙ።

«ፍሬው፣ ወደ ኋላ መልሰው።»

መለስኩት። ልጅቱ ወጣች።

«አንዴ ደግመህ።»

ደገምኩት። ወጣች። ከዚያም አስደገሙኝ። ጋሽ ታደሰ እየሳቀ፣ «ልጅቱ ደከማት እኮ እትዬ» አለ።

ሲያልቅ፣ ፊልሙ መጥፎ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው መሰለኝ፣ «ኋላስ ምን ሆኑ እነዚህ ልጆች? ሲያድጉ ማለቴ ነው» ብሎ ጠየቀ።

እትዬ አንቴናውን አንዱን በሌላው ውስጥ እየገፉ አሳጠሩት። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጸጥ በሉ ስላቸው ኖርኩ አቶ ታደሰ» አሉ። «አንድ ቀን ጸጥ አሉ።»

ጋሽ ታደሰ በቀይ ሽብሩ ዘመን አዲስ አበባ የነበረ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ እንዴት እንደሆነ አልጠየቀም። ወደኔ ዞሮ፣ «ለዚያች ሱፐርቫይዘራችሁ እንዳትነግራት» አለኝ። ከዚያ ለሂሩት፣ «ተነሽ፣ ለእትዬ ውሃ አምጪ። ስትሄጂ ደግሞ ድምፅ አሰሚ፣ ሌባ ይመስል አትሹለክለኪ» አላት።

እትዬን ወደ ቤታቸው የወሰድኳቸው ገና ሳይመሽ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ወሬ አላቋርጥም፤ «ያቺ ትንሿ ወይንሸት ግን አክሮባት ናት፣ እትዬ» እያልኩ ነው።

«ወይንሸት ሰባተኛ ክፍል ነበረች» አሉ።

ዞሬ አየኋቸው። ፊት ለፊት መንገዱን ያያሉ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ በመስኮት ወጥታ ለአዳሪዎቹ ሁሉ ብስኩት ገዝታ ትመለሳለች። ብቀጣት እምቢ አለችኝ። አናጢ ጠርቼ የመኝታ ቤቱን መስኮት በሚስማር አስመታሁት። በሳምንቱ ሚኒስቴር ለስብሰባ ተጠርቼ ሄድኩ። የዛን ቀን ነው የመጡት፣ ልጆቹን ሊወስዱ።»

መኪናውን ቀስ አደረግኩት።

«ስመለስ አልጋዎቹ እንደተነጠፉ ናቸው። ግቢው ውስጥ አንድ ድምፅ የለም። መስኮቱ ጋ ሄድኩ። አንዱ ሚስማር እስከ ግማሽ ተነቅሎ አገኘሁት።»

ቀልድ ፈለግኩ። እኔ ቀልድ አጥቼ አላውቅም፤ እስር ቤት ውስጥም ቀልጃለሁ። አንድም አልመጣልኝም። በኔ በኩል ያለውን መስታወት ዝቅ አደረግኩት። እሳቸውም በኩላቸው ያለውን ዝቅ አደረጉ። እንደዚያ ነፋሱን እያስገባን ቤታቸው ደረስን። ሲወርዱ፣ «ጥፍርህ አድጓል» ብለውኝ ገቡ።

ሂሩት ሃይስኩሏን ጨርሳ ኬኔሶ ኮሌጅ ገባች። ረብሻዋን አልተወችም፤ ባዮሎጂ ነው የምትማረው፣ ያም እንደ ረብሻ ከተቆጠረ። እሁድ እሁድ እትዬ ጋ ትሄድ ነበር፣ ሁለቱ ሲጯጯሁ ውጭ መኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰማል፤ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ቀሚስ ርዝመት፣ ስለ ሁሉም ነገር። ጎረቤት አንዴ ፖሊስ ጠርቷል። እትዬ በሩን ከፍተው ለፖሊሱ፣ «ተማሪዬ ናት፣ እየተማረች ነው» አሉት አሉ።

እኔ ያንን ፊልም ለስንት ሰው እንዳወራሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ፓርኪንግ ውስጥ ለሚሠሩት፣ ፀጉር ቤት፣ ሠርግ ላይ። የዲሬክትሪሷን ንግግር በቃሌ ይዤው ስናገር ሰው ያለቅሳል። የልጆቹ ስም ከሳቸው ተማሪዎች እንደመጣ መኪና ውስጥ ያን ቀን ገብቶኛል፤ ንግግሩን ግን የፊልሙ ነው ብዬ ነበር። ሂሩት ዜናውን ይዛ የመጣች ቀን፣ የተሰበረው መብራት አጠገብ ተቀምጠን፣ «ያ ንግግር ለቀብራቸው ይነበብ» አልኳት። ፈረንጆቹም ያውቁታል ብዬ ነው።

«ፍሬው» አለችኝ። «ፊልሙ ውስጥ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ዲሬክትሪሷ ያን ጊዜ ያለችው፣ ‹ባርኔጣዬን ያየ ሰው አለ?› ነው። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግማሹ የሳቸው ነበር።»

ሳቅ መጣብኝ፣ ከሳቁ ኋላ ደግሞ ሌላው መጣ። ሁለታችንም ፓርኪንጉ ውስጥ ተቀምጠን ለባርኔጣ አለቀስን።

ቀብሩ ላይ ሚስ ሎሬን መጣች። ሳጥኑ ፊት ቆማ ሁለት እጇን ዘርግታ ትንሽ ቆየች። ጥፍሯን ከሥሩ ቆርጣዋለች።

በሣልስቱ እትዬ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዘመድ ስለሌላቸው ሐዘኑን የተቀበሉት ጋሽ ታደሰና ሂሩት ናቸው። ከሱዳን በቅርብ የመጡ ሰዎችም ነበሩ፣ እትዬን ሳያውቁ ለአበሻ ብለው የመጡ። አንዲት ሴት፣ «ለመሆኑ ምን ዓይነት ሴት ነበሩ?» ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ አንድ አንድ ነገር አለ፤ ደግ ነበሩ፣ ጨዋ ነበሩ። ሂሩት ተነስታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ ካሴቱን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝ። ዴኬን ከመኪናዬ አመጣሁት። አንቴናው እዚያው ካሴቱ ጋ ነበር።

«ይቺ ረጅሟ ሶስና ትባላለች» ብላ ጀመረች። «የምትሮጠው ሊደርስባት የሚችል ስለሌለ ነው።»

ሐዘንተኛው በመጀመሪያ ግራ ገባው፣ ቀጥሎ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ ሳቀ። ዲሬክትሪሷ ተቆጣጣሪው ፊት ቆማ አፏን ከፍታ ዘጋች፤ ሂሩት ንግግሩን አንድ ቃል ሳታጎድል አለችው። በሩ ላይ እኔ አለሁ ስትል ጋሽ ታደሰ አንገቱን ደፋ። ከአዲሶቹ መሐል አንድ ሽማግሌ፣ ገዳሪፍ ላይ ለፈረንጆች ሾፌር የነበሩ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ እኔ እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ። አሁን ስለ ባርኔጣ አይደለም እንዴ የተናገረችው?»

«አባቴ» አልኳቸው፣ «እንግሊዝኛ ላይ እኔን የሚያህል አትላንታ ውስጥ የለም። ቃል በቃል ነው የተረጎመችው።»

አመኑኝ አላመኑኝም አላውቅም። ተመልሰው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። ልጆቹ ተቆልፎባቸዋል፤ ትንሿ መስኮቱ ላይ ወጥታለች። ሂሩት መናገሯን አቆመች፣ ቤቱም ጸጥ አለ። ልጅቱ ዘለለች።

ማንም አላዘዘኝም። ወደ ኋላ መለስኩት፣ ወይንሸትም እንደገና በመስኮቱ ወጣች።